‹‹አውቆ ነው›› ከመባሉ በፊት

በወሎ፣ በወረባቦ ወረዳ ከተማ በቢስቲማ፣ በገበያ ቀን አንድ ልጅ የሰው ስልክ በእጁ ይዞ ቢገኝ ፍርዱ ፖሊስ ሳይደርስ ያልቃል። ‹‹አውቆ ነው›› ይባላል። ልጁ አራተኛ ክፍል ደርሶ ስሙን በቅጡ መጻፍ እንዳቃተው፣ ሱቅ ሲላክ ከሁለት ዕቃ አንዱን ረስቶ እንደሚመለስ፣ ታናናሾቹ በትምህርት ጥለውት እንዳለፉ እዚያው ቆሞ የሚመሰክር ጎረቤት አይጠፋም። ምስክርነቱ ግን ለልጁ አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ይዞርበታል። ‹‹ለትምህርቱ ደንቆሮ፣ ለሌብነቱ ብልጥ!›› የሚል ይነሣል። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወሬው አይለወጥም።

ይኸው አስተሳሰብ በተማረ ሰው አፍም አለ፤ አነጋገሩ ብቻ ይለዝባል። አእምሮው የታመመ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ ካልታመመ ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ እንደማንም ይጠየቅ፤ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው። ትንሽ ከተገፋ ደግሞ ሌላ መከራከሪያ ይመዘዛል፤ የመማር ችግር እያሉ ልጅን መመርመር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ እኛ ለጤነኛው ልጅ እንኳ የሚበቃ ቦታ የለንም ይባላል።

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ይህን ማለት ልጅ ሲያጠፋ ዝም ይባል ማለት አይደለም። ስልኳ የተወሰደባት ገበያተኛ ስልኳ ሊመለስላት፣ የወሰደውም ሰው ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የመማር ችግር ያለበትን ልጅ ችግሩን ሳይጠይቁ ቃሉን መቀበል ርኅራኄን ከማጉደሉ በፊት እውነትን ያጎድላል። ልጁ የተባለውን መረዳቱን ያላረጋገጠ መርማሪ፣ በእጁ የያዘው ወረቀት ማስረጃ ይሁን አይሁን ራሱም አያውቅም።

ልጆቹ እነማን ናቸው? አንደኛው ወገን የማሰብ አቅሙ እንደ እኩዮቹ ሆኖ ሳለ ፊደል የሚያደናግረው፣ ቁጥር የሚጠፋበት ወይም የሰማውን ትእዛዝ በቅደም ተከተል መያዝ የሚያቅተው ነው። ባለሙያዎች የመማር ችግር የሚሉት ይህን ነው፤ ንባብ ላይ የሚታየው ዲስሌክሲያ ይባላል። ሁለተኛው ወገን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ነው፤ ዕድሜው አሥራ አምስት ሆኖ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያህል የሚረዳ። ሁለቱን ማምታታት አይገባም፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርትም ድጋፍም የተለያየ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲገቡ ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። ዓይነ ስውሩን በትሩ፣ መስማት የተሳነውን የእጅ ምልክቱ ያሳውቀዋል። እነዚህን የሚያሳውቅ ነገር የለም።

ከችግሩ አንዳንዱ በዘር ይመጣል። ሌላው ግን የድህነት ታሪክ ነው፦ የተራዘመ ምጥ፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ድረስ የዘለቀ ወባ፣ የሕፃንነት ረኃብ። ጨውም አለበት። ኢትዮጵያ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አዮዲን ያለው ጨው የምታገኘው በአብዛኛው ከአሰብና ከምፅዋ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ገበያው ወደ አፋሩ አፍዴራ ዞረ፤ ያም ጨው ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ተበላ። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አንጎል እንደሚጎዳ በሕክምና የታወቀ ነው። በዚያ ክፍተት የተወለደ ልጅ ዛሬ ታዳጊ ወይም ወጣት ሆኗል። ጨው ማንንም ሌባ አያደርግም፤ ሆኖም ‹‹ስንፍና›› የተባለው ነገር ልጁ ከመወለዱ በፊት ከእናቱ ወጥ ሊጀምር እንደሚችል የማያውቅ ሰው ‹‹አውቆ ነው›› ለማለት ቸኩሏል።

ወረባቦ፣ እንደ ብዙው የወሎ ክፍል፣ ልጁን በሁለት ቤት ያስተምራል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤትና በቁርኣን ቤት። ፊደል የሚያደናግረው ልጅ በቁርኣን ቤት ጎበዝ ሊባል ይችላል፤ በጆሮው ይይዛልና። ሸኹ ሲያቀሩ ይከተላል፤ ረጅም ሱራ ሳይሳሳት ይወጣዋል። እስቲ ከሰሌዳው አንብብ ሲባል ግን ይጠፋበታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ዳዊቱን በቃሉ እየወረደ ገጹን ሲገልጡለት የሚደነባበር ልጅ አለ። የንባብን ችግር የሚያውቅ መምህር እዚህ ላይ ምልክቱን ይይዛል፤ በጆሮው ይይዛል፣ ፊደሉን ግን አይፈታም። ሰፈሩ የሚደመድመው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሲፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ አውቆ ነው። የልጁ ጥንካሬ በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ልጁ የኋላ ወንበር ይሰጠዋል። ይቆነጠጣል፤ ይሳቅበታል፤ ክፍል ይደግማል። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ የተካሄደው የንባብ ምዘና እንዳሳየው ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተለየ ችግር ያለበት ልጅ ተለይቶ አይታይም፤ ከማያነቡት ጋር አብሮ ይጠፋል። የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ልጁ ግን አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ሊስትሮ ይሆናል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ የታክሲ ረዳት ለመሆን ይሞክራል። መልስ መቁጠር ስለሚያቅተው ረዳትነቱም አይዘልቅለትም።

የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ይህን መንገድ አሰፋው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ፤ በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ከአራት ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ገልጿል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎበዙም ደካማውም ይጎዳል። ሲከፈት ግን ጎበዙ ይመለሳል፤ ቀድሞም በትግል ይማር የነበረው እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ማየት ይገባል። ከወረባቦ ቆላ ቀበሌ የመጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ኮምቦልቻ ላይ የተሰረቀ ስልክ ይዞ ተያዘ እንበል። ትልልቅ ልጆች ‹‹ያዝልን›› ብለው ሰጥተውት ሸሽተዋል። መርማሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ አልመታውም፣ አልሰደበውም። ይጠይቀዋል፦

‹‹ስልኩን የወሰድከው አንተ ነህ?››

‹‹አዎ ጋሼ።››

‹‹ማታ ነው?››

‹‹አዎ።››

‹‹ቅድም ከዙሁር በፊት ነው ያልከኝ መሰለኝ?››

‹‹አዎ።››

‹‹ከእነዚያ ልጆች ጋር አልነበርክም?››

‹‹አዎ።››

የመጨረሻው ‹‹አዎ›› ነበርኩ ይሁን አልነበርኩም ማንም አያውቅም። መርማሪው ግን መዝገብ መሙላት አለበትና ይጽፋል፤ ‹‹በዕለቱ በግምት ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ከግብረ አበሮቼ ጋር በመሆን አስቤበት የግል ተበዳይን ስልክ ወስጃለሁ።›› ጽሑፉ ይነበብለታል፤ ‹‹ይኸው ነው?›› ይባላል፤ ‹‹አዎ›› ይላል፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ‹‹ግብረ አበር›› ምን እንደሆነ ቢጠየቅ አይመልስም። ‹‹አስቤበት›› የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰዓት ማንበብ የማይችል ልጅ 11 ሰዓት አይልም። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ይህ ወረቀት ‹‹የእምነት ቃሉ›› ነው፤ አነጋገሩም የተስተካከለ፣ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ፣ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

ለምን አዎ ይላል? ትምህርት ቤት ያስተማረው ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ ነው። ያልገባውን ‹‹ገባህ?›› ሲሉት ‹‹አዎ›› ማለት ቁንጥጫውን ያስቆማል፤ ‹‹አልገባኝም›› ማለት ያስደግመዋል። ዓመታት የሠለጠነበትን መልስ ነው ጣቢያ ይዞ የመጣው። በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጠያቂን ለማስደሰት ሁሉን አዎ የማለትን ጠባይ ከአሥርተ ዓመታት በፊት መዝግበውታል።

የዓለም ፍርድ ቤቶች ይህን የተማሩት በውድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1952 ለንደን አጠገብ ክሮይደን ውስጥ ሁለት ልጆች መጋዘን ሊሰርቁ ሲሞክሩ አንድ ፖሊስ ተገደለ። ተኳሹ የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ክሬግ ነበር፤ ዕድሜው ከሞት ፍርድ አዳነው። ጓደኛው ዴሪክ ቤንትሊ 19 ዓመቱ ነበር፤ ፖሊሱ በተገደለበት ቅጽበት እርሱ በፖሊስ ተይዟል። ቤንትሊ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ የመረዳት አቅሙም በግምት የ11 ዓመት ልጅ ያህል ነበር። ፖሊሶቹ ቃሉን ራሱ እየተናገረ እንደጻፉት፣ ምንም ጥያቄ እንዳልጠየቁት መሐላ ገቡ። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1953 ተሰቀለ። ከዓመታት በኋላ ማልኮም ኩልታርድ የተባሉ የቋንቋ ምሁር ያንን ቃል መረመሩት፤ ማንም ሳይጠይቀው ‹‹ይህን አላደረግኩም፣ ያን አላየሁም›› የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሞልተውበታል፤ የዓረፍተ ነገር አሰካኩም የፖሊስ ሪፖርት አጻጻፍ ነው። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የጥፋተኝነት ፍርዱን የሰረዘው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1998፣ ሰውየው ከተሰቀለ ከ45 ዓመታት በኋላ ነው።

ኒው ዮርክም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆች ተከሰው ተፈረደባቸው፤ ማስረጃው በዋናነት ከረጅም ምርመራ በኋላ የሰጡት ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እውነተኛው ወንጀለኛ ራሱ አምኖ የዲኤንኤ ምርመራውም ሲያረጋግጥ ፍርዱ ተሰረዘ። ‹‹አውቆ ነው›› የሚለው ወገን እዚህ ጋ ሊያስብበት የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ልጆቹ ከተያዙ በኋላ ደፋሪው ለወራት ውጭ ነበር። የማያውቀውን ልጅ ማሳመን ተበዳይን አይክስም፤ አጥፊውን ይሸሽጋል።

ጉዳዩ የጥቂት ልጆችም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር የተዘጋጀ ጥናት የተለያዩ ምርምሮችን ሰብስቦ እንዳሳየው፣ በማረፊያና በማረሚያ ካሉ ታዳጊዎች መካከል ከ23 እስከ 32 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው፤ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ግን ከ2 እስከ 4 በመቶ ናቸው። ዲስሌክሲያ በታሳሪ ታዳጊዎች ዘንድ ከ43 እስከ 57 በመቶ፣ በሌላው ዘንድ 10 በመቶ ያህል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አገር አቀፍ ዳሰሳ በታዳጊ ማረሚያዎች ውስጥ ካሉት አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተጠቃሚዎች መሆናቸውን አገኘ። ከነዚህ አኃዞች አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ እንዳይወሰድ፦ ማንበብ አለመቻል ወንጀለኛ አያደርግም። ልጁን የሚያስይዘው ከትምህርት ቤት መገፋቱ፣ ለትልልቆቹ መሣሪያ መሆኑ፣ ሲያዝም መሮጥ፣ መዋሸትና መከራከር አለመቻሉ ነው። ብልጡ ያመልጣል፤ እርሱ ይቀራል።

የአገራችን ሕግስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ነው ‹‹ቅንጦት›› የሚለው ክርክር የሚፈርሰው፤ ሕጉ ይህን ሁሉ ያውቃልና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 172 ላይ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ ወዲያውኑ አቅራቢያ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ፣ ፖሊስም ምርመራውን እንዴት እንደሚያካሂድ ፍርድ ቤቱ መመሪያ እንዲሰጠው ያዛል። ማለትም ከላይ የታየው ጥያቄና መልስ፣ ልጁ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ከተደረገ፣ ከመነሻው ቦታውን ስቷል። ጉዳዩ በዝግ ችሎት ይታያል፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ከወላጆቹም ከትምህርት ቤቱም መረጃ እንዲጠይቅ፣ የአካሉንና የአእምሮውን ሁኔታ በባለሙያ እንዲያስመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 158 ደግሞ አእምሮው በሚገባ ያልዳበረ ልጅ ከቅጣት ይልቅ ተገቢ እንክብካቤ ወደሚያገኝበት ተቋም እንዲላክ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ግን ልጆች ከአዋቂዎች ጋር ተደባልቀው የታሰሩባቸውን ጣቢያዎች በክትትል ሪፖርቶቹ ደጋግሞ አንሥቷል።

ሕጉ ቀዳዳ የለውም ማለትም አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲያይ፣ ተከሳሹ መስማትና መናገር የተሳነው ሲሆን ወይም የመጠጥ ሱስ ሲኖርበት ነው። የመማር ችግር ያለበት ልጅ ከነዚህ አንዱንም ምልክት አያሳይም፤ በጸጥታ ያልፋል። ከዚህ የሚብሰው ዕድሜ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ልጅ በአንቀጽ 56 መሠረት በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ የሞት ቅጣት አይፈረድበትም፣ ቅጣት ይቀልለት ይሆናል፣ የልጆች ሥነ ሥርዓት ግን የለውም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአሥራ አራትና በአሥራ ስድስት መካከል ያለው ልዩነት በመርማሪው ዓይን ይለካል። ሰውነቱ የጠና፣ አእምሮው የዘገየ ልጅ በዚያ ዓይን ምን እንደሚባል ግልጽ ነው።

‹‹ሕግ ለሁሉም እኩል ነው›› ወደሚለው እንመለስ። ቢስቲማ ከአፋር ጋር የሚዋሰን ወረዳ ከተማ ናት። ከቆላ የመጣ፣ ከአፋርኛ በቀር የማይሰማ ልጅ ችሎት ፊት ቢቆም አስተርጓሚ ሳይቀርብለት ቃሉን የሚቀበል ዳኛ የለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ሰጥቶታልና። ለዚያ ልጅ አስተርጓሚ መቅረቡን አድልዎ ያለ ሰው አልተሰማም። አማርኛው ቢገባውም ‹‹በግምት››፣ ‹‹ግብረ አበር››፣ ‹‹የመከላከያ ማስረጃ›› የሚለው የችሎት አማርኛ ለማይገባው ልጅ ቀለል አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ሲጠየቅ ግን ነገሩ ‹‹ልዩ ጥቅም›› ይሆናል። ለሁለቱም ምክንያቱ አንድ ነው፤ ያልተረዱት ጥያቄ መልስ የለውም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 ከዕድሜና ከጉዳቱ ጋር የሚስማማ ሥነ ሥርዓት እንዲኖር ያስገድዳል።

ሐሳቡ የፈረንጅ ነው የሚል ወቀሳም አለ። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ቢስቲማ ላይ ማንኛውም ሸኽ እንደሚያስረዳው በሸሪዓ ተጠያቂነት የሚጀምረው ባሊግና ዓቂል ከሆነ ሰው ላይ ነው፤ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፣ አእምሮም ይጠየቃል። ይህን የማያውቅ ደረሳ የለም። እንግዳ ነገር ከተፈለገ እንግዳው ዕድሜውን ብቻ ገምቶ አእምሮውን ሳይጠይቁ ማለፍ ነው።

‹‹ይህ ከተፈቀደ ሌባ ሁሉ የመማር ችግር አለብኝ ይላል›› የሚሉም አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። የትምህርት ቤት ሮስተር ወንጀሉ ከመፈጸሙ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ስልክ ለመስረቅ ብሎ በስምንት ዓመቱ ሁለተኛ ክፍልን የሚደግም ልጅ የለም።

‹‹ማረሚያ ቤት ገብቶ ይማራል›› የሚለው ደግሞ የደጋጎቹ ክርክር ነው። ማረሚያ ቤቶች ትምህርት ቤት እንዳላቸው፣ እዚያ ገብተው አሥራ ሁለተኛን ያለፉ ሰዎች እንዳሉ መካድ አይቻልም። እነዚያ ግን መማር የሚችሉ፣ ዕድል ያላገኙ ነበሩ። ፊደል የሚያደናግረውን ልጅ በዚያው ጥቁር ሰሌዳ፣ በዚያው የመቁጠር ዜማ፣ ያውም ከአዋቂ እስረኛ ጋር ማስቀመጥ አንዴ ያልሠራውን ዘዴ በባሰ ቦታ መድገም ነው። ለልጆች ተብሎ የተቋቋመውና በስሙ የሚታወቀው የጠባይ ማረሚያ አዲስ አበባ ልደታ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከወረባቦ ተነሥታ ልጇን ለመጠየቅ ያን ያህል የምትመላለስ እናት ጥቂት ናት።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣው ነው፤ ልጃችንን ‹‹ጎዶሎ›› አትበሉብን፣ ነገ ማን ያገባዋል፣ ማን ይቀጥረዋል ይላሉ። ይህ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም፤ ሐፍረቱ እውነተኛ ነው። ልጁ ግን ስም ሳይወጣለት አልቀረም። ደንቆሮ፣ ዱርዬ፣ ሌባ ተብሏል፤ በመጨረሻም ጥፋተኛ ተብሎ ይመዘገባል። በዝግ ችሎት ዳኛው ብቻ የሚያነበው አንድ ገጽ ማስረጃ ከነዚህ ሁሉ የሚያንስ ጉዳት ነው።

በወሎ ምድር ደግሞ አንድ ችላ የተባለ ሀብት አለ። በወረባቦ፣ በቃሉ፣ በተሁለደሬና በአምባሰል ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁት አባጋሮች ሲቀመጡ የሰውየውን ዘር ማንዘር፣ አስተዳደጉን፣ ጠባዩን ያውቃሉ። ‹‹የእገሌ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ እንዲህ ነው›› የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። በእርግጥ ዕርቁ ካሣና ሰላም ላይ ስለሚያተኩር ልጁ ራሱ ብዙ ላይጠየቅ ይችላል፤ ዕርቅን መላእክታዊ አድርጎ መሳልም አያስፈልግም። ዕውቀቱ ግን እዚያ አለ። መዝገቡ ቢስቲማ ሲከፈት ይህ ዕውቀት ከችሎቱ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ኮምቦልቻ ሲከፈት ጨርሶ አይገኝም፤ ልጁን የሚያውቅ ሰው የለምና። ስለዚህ ዛሬውኑ ሊሠሩ ከሚችሉ ነገሮች የመጀመሪያው ከልጁ ቀበሌ ሰው መጥራት ነው።

ሁለተኛው፣ ቃል ከመቀበል በፊት የሚጠየቁ ሦስት ነገሮች ናቸው። ልጁ የተነገረውን መብት በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገር፤ ‹‹ዝም ማለት ትችላለህ ማለት ምን ማለት ነው?›› ይባል። ያለፈውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በቅደም ተከተል ይተርክ። መልሱ ‹‹አይደለም›› መሆኑ ግልጽ የሆነ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ለዚያም ‹‹አዎ›› ካለ መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ ባለሙያ ይጥራ። ይህ ምርመራ ሐኪምን አይተካም። ግን ሐኪም ያስፈልግ አያስፈልግ ይለያል፤ ሲያስፈልግም ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሦስተኛው፣ የልጁ ቃል በመርማሪው አማርኛ ሳይሆን ጥያቄውም መልሱም እንደተባለ ይጻፍ። ዳኛው ‹‹አዎ፣ አዎ፣ አዎ›› የሚለውን ገጽ ሲያይ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ሕንፃ አይጠይቅም፤ በጀቱ ተጨማሪ አንድ ሰዓትና ሁለት ወረቀት ነው።

የተቀረው የሕግ አውጪው ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 24 ዝቅተኛው የወንጀል ተጠያቂነት ዕድሜ ቢያንስ 14 እንዲሆን፣ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆችም ዕድሜያቸው ቢደርስ እንኳ ወደ ወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱ ጨርሶ እንዳይገቡ፣ ቢገቡ ግን እያንዳንዳቸው እንዲመረመሩ መክሯል። ደቡብ አፍሪካ ዕድሜውን ከ10 ወደ 12 ከፍ አድርጋለች፤ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጓ 12 ላይ አድርሳዋለች። በእኛ የወንጀል ሕግ ቁጥሩ 9 ነው። ይህን ማሻሻል፣ አንቀጽ 51 ላይ የመማር ችግርን መጨመር፣ ከ15 እስከ 18 ያሉትን የልጆች ሥነ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት ምክር ቤት ይጠይቃል፤ ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። የወረባቦ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ግን ይህን መጠበቅ የለባቸውም። አንቀጽ 54 የልጁን ርዕሰ መምህር እንዲጠሩ ዛሬም ይፈቅድላቸዋል፤ አንቀጽ 172ም ፖሊስ ልጁን መጀመሪያ ወደ እርሳቸው እንዲያመጣ ያስገድዳል። የጣቢያ ቃል ተጽፎ፣ አሻራ ታትሞበት የመጣን ልጅ መዝገብ ‹‹ከዚህ በፊት ለምን ወደ እኔ አልቀረበም?›› ብለው መመለስ የሚችሉትም እርሳቸው ናቸው።